ሦስት ዋጋ፣ አንድ ግድግዳ፦ ለቤት እድሳት የሚታመን ተቋራጭ መምረጥ

ጥያቄ፦ «የምንኖርበት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከታች ያለውን ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ለማደስ፣ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳም አፍርሰን ሁለቱን ለመቀላቀል አስበናል። ሦስት ተቋራጮች አይተው ዋጋ ሰጡን፤ ዋጋ ማቅረቢያዎቹን አያይዣለሁ። የመካከለኛውን ዋጋ 100 ብንለው የመጀመሪያው 70፣ ሦስተኛው 115 ይሆናል። ባለ 70ው ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ ‹የግማሽ ቀን ሥራ ነው› አለን። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ከሰጠነው ነገ ይጀምራል፤ ተግባቢና ደስ የሚል ሰው ነው። ባለ 100ው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በጥያቄ አደከመን፤ ፎቅ ድረስ ወጥቶ አየ፤ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስም መጀመር አልችልም አለ። አንድ ዘመዳችን ከዚህ በፊት በተቋራጭ ገንዘባቸውን ስለተበሉ ፈርተናል። የሚታመነውን በምን እንለየው?»

ምላሽ፦

ዋጋውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ከግድግዳው እንጀምር፤ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ ያለው እዚያ ነው።

በባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ያለ ግድግዳ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ ክፍልን ከክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ነው፤ ቢፈርስ ቤቱ አይሰማውም። ሌላው ከላይ ያለውን ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ወይም የፎቁን ግድግዳ ተሸክሟል። ሁለቱን በእጅ መትቶ መለየት አይቻልም። ድምፁ የሚነግርዎት ውስጡ ክፍት ወይም ድፍን መሆኑን ነው፤ ምን እንደተሸከመ አይናገርም። ለማወቅ የቤቱን ፕላን ማየት፣ ፎቅ ወጥቶ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ግድግዳ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ኮለኖቹና ቢሞቹ (ጭነት የሚሸከሙት ቋሚዎችና አግዳሚዎች) የት የት እንዳሉ መለካት፣ አንዳንዴም ልስኑን ትንሽ ፈልፍሎ ውስጡን መመልከት ያስፈልጋል። ተሸካሚ ሆኖ ቢገኝም ማፍረስ ይቻላል። ነገር ግን መጀመሪያ ከላይ ያለውን የሚይዝ ጊዜያዊ ድጋፍ ይቆማል፤ ቀጥሎ ጭነቱን የሚቀበል ቢም ይገባል፤ ቢሙም በሁለቱ ጫፎቹ ጭነቱን እስከ መሠረት የሚያወርድለት ነገር ይፈልጋል። ይህን የሚያሰላው የመዋቅር መሐንዲስ ነው። ተቋራጩ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው ይህ የእርሱ ሥራ አይደለም።

ባለ 70ው «የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ማለቱ ሐሰት አይደለም። ማፍረሱማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለ 100ው ግን ከላይ ምን እንዳለ ሳያይ ዋጋ መስጠት አልፈለገም። እኔ በቦታው ብኖር በልቤ ወደ ማን እንደማደላ ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገና ሳይጀምር የሚያሰጋው ነገር አለው፤ ስለዚህ ይጠይቃል። የማያውቅ ወይም ግድ የሌለው ሰው ምንም አያሰጋውም። በጥያቄ ያደከመዎት ሰው ውለታ ውሎልዎታል።

ይህን ስል ብዙ የጠየቀ ሁሉ ይታመናል ማለቴ አይደለም። በግንባታ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን 9 ዓመታት በተቋራጭነት፣ የቀሩትን በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐቀኛውን ከአጭበርባሪው በመልክና በአነጋገር መለየት አልቻልኩም። አጭበርባሪ ተግባቢ ባይሆን ኖሮ በምን እንጀራ ይበላ ነበር? ከዚህ ይልቅ ያስተዋልኩት፣ ብዙው ሰው የሚበላሸው መንገድ ላይ መሆኑን ነው። ተቋራጩ ከእርስዎ የወሰደውን ቅድሚያ ክፍያ የቀደመውን ደንበኛ ሥራ ለመጨረስ ያውለዋል፤ የእርስዎን ለመጨረስ ደግሞ ከሚቀጥለው ደንበኛ ይቀበላል። አንድ ቀን የሚቀጥለው ደንበኛ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ይቀራሉ፣ ስልኩ አይነሳም፣ የእርስዎም መታጠቢያ ቤት ወለሉ እንደተቆፈረ ይከርማል። ሰውየው ከመጀመሪያው ሊያታልልዎ አላሰበም ይሆናል፤ እርስዎ ላይ የደረሰው ግን ያው ነው። ዘመድዎን ያገኛቸውም ይኸው ቢሆን አይገርመኝም።

ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሰው መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰው ቢወድቅ እርስዎን ይዞ እንዳይወድቅ አድርጎ መዋዋል ሌላ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ላይ ወራት ያጠፋል፣ ሁለተኛውን በአንድ ፊርማ ያልፈዋል። እኔ የምጠብቀው አንድ መስመር አለ፦ የባለቤቱ ገንዘብ ከሥራው ብዙ ቀድሞ መሄድ የለበትም።

አሁን ወደ ዋጋዎቹ እንመለስ። ሦስቱ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ የተለያየ ዋጋ የሰጡ ይመስላል። ያያያዙትን ወረቀት ግን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። የባለ 70ው አንድ ገጽ ነው፤ አራት መስመር። ሁለተኛው መስመር «መታጠቢያ ቤት ሙሉ እድሳት» ይልና ከፊት ለፊቱ አንድ ድምር ተቀምጧል። በግንባታ ውል ውስጥ «ሙሉ» የሚለውን ቃል ያህል ባዶ ቃል አላውቅም። የባለ 100ው ይህንኑ መታጠቢያ ቤት በ17 መስመር ዘርዝሮታል፦ የድሮውን ሴራሚክ አንስቶ ፍርስራሹን ከግቢ ማውጣት፣ የቧንቧ መስመር በሜትር፣ የውሃ መከላከያ ሽፋን ሁለት እጅ በካሬ ሜትር፣ የግድግዳና የወለል ሴራሚክ ለየብቻ በካሬ ሜትር፣ እያንዳንዱ የመታጠቢያ ዕቃ ከነዓይነቱ በቁጥር። ለእያንዳንዱ መስመር መለኪያ፣ መጠን፣ የአንዱ ዋጋና ድምር አለው።

ከባለ 100ው ጠቅላላ ዝርዝር ውስጥ በባለ 70ው ወረቀት ላይ ጭራሽ የማይታዩ አራት ነገሮች አሉ፦ ፍርስራሽ ማንሳት፣ የውሃ መከላከያ ሽፋን፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ እንዲሁም በሚፈርሰው ግድግዳ ምትክ የሚገባው ቢም ከነድጋፉ። በባለ 100ው ስሌት እነዚህ በቅደም ተከተል 4፣ 6፣ 11 እና 9 ናቸው። ሲደመሩ 30። ሰባና ሠላሳ መቶ ነው! ባለ 70ው ዋጋ አልቀነሰልዎትም፤ የቀነሰው ሥራ ነው። ረስቶ ይሁን አስቦበት እኔ አላውቅም፤ ለኪስዎ ግን ልዩነት የለውም። ወለሉ ከተቆፈረ በኋላ «ይህ እኮ በውላችን ውስጥ የለም» ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ሌላ ተቋራጭ ለማምጣትም ለመከራከርም ስለማይመች የተጠየቁትን ይከፍላሉ። በትልልቅ ጨረታዎች፣ ለምሳሌ የዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሰጥባቸው ፕሮጀክቶች፣ ያለ ቅጥ ያነሰ ዋጋ ሲቀርብ ተጫራቹ በምን እንደቀነሰ በጽሑፍ እንዲያብራራ ይጠየቃል። እርስዎም ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ለባለ 70ው አራቱን ነገሮች ጽፈው ይላኩለትና «እነዚህ በዋጋዎ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም?» ይበሉት። በስልክ «አሉ፣ አሉ፣ አያስቡ» ካለዎት ያንኑ በወረቀት እንዲያሰፍር ይጠይቁት። በቃል ያለ ይረሳል፤ ከዚህ ሥራ በላይ ይህ አባባል የሚሠራበት ቦታ አላየሁም።

ስለ ባለ 115ው ብዙ የምለው የለኝም። ዝርዝሩ ከባለ 100ው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ውድ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ዓይነት ስለጻፈ ነው። የዕቃውን ዓይነት እርስዎ መርጠው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሰጧቸው ዋጋዎቹ ይበልጥ ይቀራረባሉ።

ሰውን ስለ ማጣራት። ፈቃዱንና የምዝገባ ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ፎቶ ኮፒውን አይተው ብቻ አይተዉት፣ ፈቃዱን ከሰጠው አካል ዘንድ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። በፈቃዱ፣ በውሉና ገንዘብ በሚያስገቡበት የባንክ ሂሳብ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ሠራተኛ ቢጎዳ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ መድን ያለው መሆኑንም ይጠይቁ። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የሠራቸውን ቤቶች ማየት ነው። ተቋራጭ ሁሉ የሚያሳይዎት ባለፈው ወር የጨረሰውን ነው። አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። እርስዎ ሁለት ዓመት የሞላውን ይጠይቁ። እዚያ ሲደርሱ ሳሎኑን አይዩ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ሥር ያለውን ኮርኒስ ይዩ። ቡናማ ክብ ነገር ካለ ውሃ ነው። የወለሉን ሴራሚክ በሳንቲም ቆርቆር ያድርጉት፤ ድምፁ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ማጣበቂያው አልደረሰም። (ግድግዳን መምታት ምን እንደተሸከመ አይነግርም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ለሴራሚክ ግን ይሠራል።) ከዚያ ባለቤቱን ለብቻቸው አግኝተው ሁለት ነገር ይጠይቁ። «ምን ተበላሸ? ሲበላሽስ ምን አደረገ?» ምንም ያልተበላሸበት እድሳት የለም፤ «ሁሉም ግሩም ነበር» የሚል ምላሽ የዘመድ ምላሽ ነው። ቀጥሎ «የመጨረሻውን ክፍያ ከወሰደ በኋላ ደውላችሁለት መጥቷል?» ብለው ይጠይቁ። ገንዘቡን ጨርሶ ተቀብሎ ላልቆመች የቧንቧ ጠብታ የተመለሰ ሰው ካገኙ፣ ከሌሎቹ ጥቂት ቢወደድም አይልቀቁት።

በሥራ ላይ ያለ ቦታም እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ሳይነግሩት ቢሄዱ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ሥራ ማቆሚያ ሰዓት አካባቢ ይድረሱ። ሲሚንቶው በጣውላ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ተከድኗል ወይስ ከእርጥብ ወለል ላይ ተጋድሟል? በግድግዳው ሥር ቱንቢና ውሃ ልክ ይታያል ወይስ ሁሉም በዓይን ግምት ነው የሚሠራው? ግንበኞቹን ደመወዛቸው በጊዜው ይደርሳቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሐሙስ ያልተከፈለው ግንበኛ ዓርብ ዕለት ግድግዳዎን ቀጥ አድርጎ አይሠራልዎትም። ደግሞም በየቀኑ በቦታው የሚገኘው ፎርማን ማን እንደሆነ ይወቁ፤ ውሉን የሚፈርመው ሰውና ቤትዎ የሚውለው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ እርስዎ የሚኖሩት ከሁለተኛው ጋር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ አይስጡ። ምክንያቱ ሰውየው ሌባ ነው ብዬ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያን ያህል ገንዘብ የሚፈጅ ሥራ ስለሌለ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ማፍረስ ነው። ማፍረስ ጉልበት፣ መዶሻና ጭነት መኪና ይፈልጋል። «የወጥ ቤት ቁም ሳጥን አስቀድሜ ማዘዝ አለብኝ» ካለዎት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የዚያን ዕቃ ቀብድ ራስዎ በስምዎ ለአምራቹ ይክፈሉና ደረሰኙን ይያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዲክ፣ የሚያዘጋጃቸው መደበኛ የግንባታ ውሎች በዓለም ዙሪያ ለግድብም ለመንገድም ያገለግላሉ። የክፍያ ሐሳባቸው ለአንድ መታጠቢያ ቤትም ይሠራል፦ የሚከፈለው ለተሠራና ለተለካ ሥራ ነው፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት መቶኛ መያዣ ሆኖ ይቀራል፤ የመያዣው ግማሽ በርክክብ ጊዜ፣ ቀሪው ጉድለት የሚታይበት ጊዜ ሲያልቅ ይለቀቃል። የእርስዎን ሥራ እኔ ባከፋፍለው እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ሲፈረም 15 በመቶ፤ ማፍረሱ፣ ቢሙና ፍርስራሽ ማንሳቱ ሲያልቅ 15፤ ቧንቧና ሽቦ ተዘርግቶ፣ ከመሸፈኑ በፊት ሲፈተሽ 20፤ የውሃ መከላከያው፣ ሊሾውና ልስኑ ሲያልቅ 15፤ ሴራሚኩ ሲያልቅ 15፤ ቁም ሳጥኑ፣ ቀለሙና ዕቃዎቹ ሲገጠሙ 10። የቀረው 10 መያዣ ነው፤ 5ቱ የርክክብ ጉድለቶች ተስተካክለው ሲያልቁ፣ 5ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ። ቁጥሮቹን ሊያሸጋሽጉ ይችላሉ። እያንዳንዱን ክፍያ ከመፈረምዎ በፊት ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ ሰውየው ዛሬ ቢጠፋ በእጄ በቀረው ገንዘብ ሌላ ሰው ይህን ሥራ ሊጨርስልኝ ይችላል? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ብዙ ከፍለዋል።

ሐቀኛ ተቋራጭ በዚህ አከፋፈል አይቆጣም፤ በሌላኛው ወገን ግን እርስዎም ሥራው ባለቀ ቀን መክፈል አለብዎት። ደንበኛው ክፍያ እያጓተተ ተቋራጩን «አይታመንም» የሚልበትን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔም ተቋራጭ በነበርኩበት ዘመን ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ከክፍያዎቹ ውስጥ ትልቁን፣ 20 በመቶውን፣ ከሚሸፈነው ሥራ ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ቀለም ቢበላሽ ያዩታል፤ በሌላ ቀን ይቀባል። በግድግዳና በወለል ውስጥ የሚቀበረው ቢበላሽ ግን የሚታወቀው ከላዩ ያለው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የቧንቧው መስመር ከመለሰኑ በፊት በግፊት ይፈተሽ፤ ከሚሠራበት ግፊት እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይሞላና የመለኪያው ቀስት ወርዶ እንደሆነ ይታያል። ሽቦው በቱቦ ውስጥ መሄዱን ይመልከቱ፤ በተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሳባል፤ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ እንደ ኃይላቸው ወፍራም ሽቦና የራሳቸው መስመር ይፈልጋሉ። ለመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ይገጠም፤ ይህ የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ዕቃ ስለሆነ በዋጋ አይደራደሩበት። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፈው ፎቶግራፍ ያንሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ሲበሱ ቧንቧው የት እንዳለፈ ያውቃሉ።

ስለ ውሃ መከላከያው ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ እኔም ተቃጥያለሁ። የራሴን መታጠቢያ ቤት ያሳደስኩት በማውቀው ሰው ነበር። ሙያዬ ሆኖ ሳለ፣ ወዳጄ ስለሆነ ብዬ ፍተሻውን ተውኩት። በስምንተኛው ወር ከሥሩ ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነገር ታየ። ሴራሚኩን ስናነሳ ሽፋኑ በወለሉ መካከል አምሮ ተቀብቷል፤ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን ግን ብሩሹ አልደረሰም። ውሃ የሚሄደው እዚያ ነው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን ለደንበኞቼ ስነግር ኖሬ በራሴ ቤት ረሳሁት።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሽፋኑ ደርቆ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ የወለሉ ማፍሰሻ ይደፈናል፤ በሩ ላይ ውሃውን የሚገታ ዝቅተኛ ግድብ ይሠራል፤ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላና 24 ሰዓት ይተዋል። አንድ ጊዜ በምቆጣጠረው ቤት ውሃው እንደተሞላ የውሃውን ከፍታ በግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። በማግሥቱ ስመለስ ውሃው ከመስመሩ በሁለት ጣት ወርዷል። ተቋራጩ ተንበርክኮ አየና «ተንኖ ነው» አለኝ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአንድ ሌሊት ሁለት ጣት ውሃ አይተንም። ምንም አላልኩትም፤ ከሥሩ ወዳለው ክፍል ይዤው ወርጄ የእጅ ባትሪ ወደ ኮርኒሱ አበራሁ። ጠብታው ከመብራቱ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ለሠራተኛው «ሌላ ባልዲ ሽፋን አምጣ» አለ። በሁለተኛው ፍተሻ ውሃው ከእርሳሱ መስመር ንቅንቅ አላለም። ያ ተቋራጭ እስከ ዛሬ ከምጠራቸው አንዱ ነው፤ ተሳስቶ፣ ሲያየው አስተካከለ።

የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ምድር ላይ ስለሆነ ከሥር የሚያዩት ኮርኒስ የለም፤ ስለዚህ የእርሳሱ መስመር ብቻ ነው ምስክርዎ። ሽፋኑም በሻወሩ አካባቢ ቢያንስ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ግድግዳው ላይ እንዲወጣ፣ ወለሉም ወደ ማፍሰሻው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲዘቀዝቅ በውሉ ላይ ይጻፍ።

«ነገ እጀምራለሁ» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ይማርካል። ጥሩ ተቋራጭ በአብዛኛው ሥራ በእጁ ነው፤ ስድስት ሳምንት ጠብቁኝ ማለቱ ሰው የሚፈልገው መሆኑን ነው የሚያሳየው። ደግሞ ሥራው ከተጀመረ በኋላም የማይቸኮልባቸው ነገሮች አሉ። ለቢሙ ኮንክሪት ከተሞላ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ድጋፉም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሳም። የሲሚንቶ ሊሾ በግምት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይደርቃል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ከሆነ እንጨት ከላዩ ለማንጠፍ ሰባት ሳምንት ያህል ይጠበቃል ማለት ነው። ሁሉንም በሦስት ሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ከእነዚህ አንዱን ሊዘል አስቧል።

አሁን ደግሞ ስለ እርስዎ። እድሳትን ከሚያበላሹት ሰዎች አንዱ የቤቱ ባለቤት ነው። ጠዋት ሴራሚክ ሠራተኛውን ቀጥታ «ይችን ወደዚህ አድርጋት» ይሉታል፤ እሱም ያደርጋታል፤ ማታ ተቋራጩ የተጨማሪ ሥራ ሂሳብ ያመጣል፤ ጠብ ይነሳል። ለውጥ ካለ ለፎርማኑ ይነገር፤ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን በአንድ ገጽ ይጻፍና ሁለታችሁ ፈርሙበት፤ ከዚያ በፊት ማንም አይነካው። ሴራሚክ ራስዎ የሚገዙ ከሆነ ከስፋቱ 10 በመቶ ያህል ጨምረው፣ በአንድ ጊዜ፣ በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና የቀለም ምልክት አንድ መሆኑን አይተው ይግዙ። ሦስት ካሬ ጎድሎዎት በወሩ ሲመለሱ ያንኑ ቀለም አያገኙም።

ከውሉ ዋጋ ውጪ ደግሞ ከ10 እስከ 20 በመቶ ለብቻው ያስቀምጡና ለማንም አይንገሩ። አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋም፤ የዛገ ቧንቧ፣ የተቃጠለ ሽቦ። ቤቱ ያረጀ ከሆነና የአስቤስቶስ ጣሪያ ወይም የቧንቧ መጠቅለያ ካጋጠማችሁ እንዳይሰበር፣ እንዳይጋዝ፤ ብናኙ ካንሰር ያመጣል፤ ለዚያ የሠለጠነ ሰው ይጠራል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ለማንም ቅድሚያ አይክፈሉ። መጀመሪያ ከሦስቱም ጋር የማይሠራ የመዋቅር መሐንዲስ ይቅጠሩና ግድግዳውን አይቶ ምን እንደሚደረግ በንድፍ ይስጥዎ፤ ክፍያው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከዚያ የባለ 100ውን ዝርዝር ዋጋዎቹን ደምስሰው፣ የመረጡትን የዕቃ ዓይነትና የመሐንዲሱን ንድፍ ጨምረው ለሦስቱም ይላኩ። ባለ 70ውም ይሞላው፤ ዕድል መከልከል አያስፈልግም። ስድስት ሳምንቱ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። የተሞሉት ሦስት ወረቀቶች ሲደርሱዎት ከክፍያ አከፋፈሉ ጋር ይላኩልኝ፤ መስመር በመስመር አብረን እናያቸዋለን። መሐንዲሱ ሲመጣም ፎቅ መውጣቱን ልብ ይበሉ።